ዮውኒ መሪውን አዙሮት ነበር

ለተከበሩ አቶ ኦስሞ ታይፓሌ
የሳርቪኮስኪ ማዘጋጃ ቤት የነፍስ አድን አገልግሎት ሃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም ለአፍንጫዎ። ሐኪሙ አጥንቱን እንዳቃናውና የፊት ጥርሶችዎም ተነቃነቁ እንጂ እንዳልወለቁ ስሰማ ያደረብኝን ስሜት በዚህ ጨዋ ጋዜጣ ላይ መግለጽ ተገቢ ስላልሆነ አልፈዋለሁ።

ጠበቃዎ ባለፈው ሳምንት ደውለውልኝ፣ "በጋዜጣ ላይ፣ በስምዎ፣ ያደረጉትን ሳይሸፋፍኑ ዘርዝረው ይቅርታ ቢጠይቁ አቶ ታይፓሌ ክሱን ይተዉልዎታል" አሉኝ። እኔ አጋዘን አርቢ ነኝ፤ ከአጋዘኖች የጆሮ ምልክት መዝገብና ከገና ካርድ በቀር ብዙ ጽፌ አላውቅም። ሆኖም "ሳይሸፋፍኑ" የምትለዋን ቃል በጣም ስለወደድኳት፣ ትእዛዝዎን በታላቅ ትሕትና ተቀብዬ ያደረግሁትንም፣ ወደዚያ ያደረሰኝንም ሁሉ፣ ምስጋናዬን በቁጥር እያስቀደምኩ ከዚህ በታች እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ድንጋዩ አመሰግናለሁ።

የነፍስ አድን ቡድናችን የበረዶ ሞተር ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያድረው ወንዙ ዳር ባለ የእንጨት ጋራዥ ውስጥ ነበር። በሩ ሲከፈት ሞተሩ በቀጥታ፣ በብርድ ወራት ረግቶ መንገዳችን በሚሆነው ወንዝ ላይ ነው። እርስዎ ግን ያ ቦታ ዘይት ለሚሸት ዕቃ የማይገባ ውብ ቦታ መሆኑን ከሁላችንም ቀድመው አስተውለው፣ ጋራዡን ወንዙ ዳር ላለው ሆቴል እንግዶች የእንፋሎት መታጠቢያ አደረጉት፤ ሞተሩንም ወደ ሆቴሉ ጓሮ አዛወሩት። ከዚያ በኋላ በአካባቢያችን አንድ ሰው እግሩ በተሰበረ ቁጥር፣ ሞተሩ ወደ ወንዙ ለመድረስ የሆቴሉን ደጅ ማቋረጥ ግድ ሆነበት። ደጁ ደግሞ እንደ መስታወት የተወለወለ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ከሥሩ ሙቅ ውሃ በቧንቧ የሚሄድበት፣ በረዶ ለአፍታ እንኳ የማያርፍበት የተከበረ ደጅ ነው።

ይህን ከመንደራችን ርቀው ለሚያነቡ ሰዎች፣ የበረዶ ሞተር ከኋላው በጎማ ሰንሰለት የሚገፋ፣ ከፊቱ ስኪ በሚባሉ ሁለት ረጃጅም መንሸራተቻዎች የሚመራ መሆኑን ልጨምር። ስኪዎቹ ለብቻቸው ይንሸራተታሉ እንጂ አይነክሱም። የሚነክሰው ከሥራቸው የሚታሰረው ካርባይድ የሚባል ጠንካራ ብረት የተበየደበት ዘንግ ነው፤ እኛ ምላጭ እንለዋለን። ምላጭ ግግር በረዶን ይይዛል። የተወለወለ ጥቁር ድንጋይንም ይቧጭራል፤ እየቧጨረም ይጮኻል። አንዲት የሆቴሉ እንግዳ ቁርሷን እየበላች ድምፁን ሰምታ ጥርሷን እንዳሳከካት በጽሑፍ አመለከተች። እርስዎም ለሰው ጥርስ የሚራሩ ሰው ስለሆኑ፣ ምላጮቹ በዚያው ሳምንት እንዲፈቱ አዘዙ።

ሁለተኛ፦ ስለ ምርጫዎ አመሰግናለሁ።

እዚህ ላይ ዮውኒ ካርፒነንን ማንሳት ይኖርብኛል። ዮውኒ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር፣ የነፍስ አድኑ በጎ ፈቃደኛ፣ የሲርካ ባል፣ የእኔም ጎረቤት ነበር። የቡድኑን ሞተር ስኪዎችና ምላጮች የመረጠው እሱ ነው። ሲመርጥም ሌላው ሰው ሙሽራ የሚመርጠውን ያህል ተጨንቆ ነበር፤ በረንዳው ላይ ሦስት ዓይነት ስኪ ደርድሮ፣ አንዱን ፈትቶ ሌላውን አስሮ፣ ወንዙ ላይ ደርሶ እየተመለሰ፣ እኔንም በየመሐሉ እየጠራ እንድነዳለት ሲለምን ሰነበተ።

"ረጅም ነጠላ ምላጭ እሰርባትና ተገላገል" አልኩት አንድ ቀን። "ቢላ ናት፤ የትም አትስትም።"

"አንቺ ብቻሽን ስለምትነጂ ነው" አለኝ። "እኔ ከኋላዬ የታመመ ሰው እጎትታለሁ። ነጠላው ሌላ ሰው የቀደደው ቦይ ውስጥ ይገባና እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ያላጋሻል። ድርብ ሲሆን ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ዙር ስትይውም ይዞራል።"

"ድርቡ መሪውን ያከብደዋላ! ክንድህ ይገነጠላል።"

"ለዚህ ብዬ እኮ ነው አጠር ያደረግሁት። ነይ ንጂውና እዪው፤ አፍሽን ብቻ አትክፈቺ።"

ነዳሁት። ልክ ነበር። ስፋቱ መካከለኛ የሆነ፣ ከሥሩ ጠለቅ ያለ ሸንተረር ያለው ስኪ፣ በየስኪው ላይ ጎን ለጎን ሁለት አጫጭር ምላጭ። በጣቴ ብቻ የማዞረው እስኪመስለኝ ድረስ ታዘዘኝ። ሲርካ ከበሩ ላይ ቆማ፣ "ሾርባው ቀዝቅዟል፤ ካርባይዱን ነው የምትበሉት?" ብላ ጮኸችብን።

እርስዎ ምላጮቹን ብቻ አስፈትተው አልቆሙም። ሰፋፊ፣ ከሥራቸው ልሙጥ የሆኑ፣ ቀለማቸው ከሆቴሉ መጋረጃ ጋር አንድ የሆነ ሰማያዊ የፕላስቲክ ስኪዎች አስመጥተው የዮውኒን አስነቀሉ። ሐቅ ለመናገር መጥፎ ስኪዎች አይደሉም፤ ተራራ ላይ፣ ወገብ በሚደርስ ለስላሳ በረዶ ላይ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋሉ። በግግር ላይ ግን መሪውን ወዴትም ቢያዞሩት ስኪዎቹ የራሳቸው ሐሳብ አላቸው። ዮውኒ ይህንኑ ሊነግርዎ ቢሮዎ ድረስ መጥቶ ነበር። የሰጡትን ምክር ማታውኑ እራት ላይ ነግሮናል፤ ሲርካም እኔም ሰምተነዋል፦ "ምላጭ የሚያስፈልገው ለሚቸኩል ሰው ነው። አንተ ቀስ ብለህ ንዳ።"

ለነፍስ አድን ሾፌር ከዚህ የተሻለ ምክር የሰጠ ሃላፊ በዓለም ላይ ይኖር ይሆን? እኔ አልሰማሁም።

ሦስተኛ፦ ስለዚያ ቀን።

በየካቲት አጋማሽ፣ ከመንደሩ በላይ ተራራው ላይ በረት ውስጥ ሆነን የተቀላቀሉ አጋዘኖችን እየለየን ነበር። አንድ የተኮላሸ ትልቅ የአጋዘን ሰንጋ ደነበረና አንገቱን ደፍቶ መጣ፤ ቀንዱ በታናሽ ወንድሜ በኒላ ጭን ውስጥ ገባ። ከመሬት አነሣው፣ አራገፈው፣ ከአጥሩ እንጨት ጋር አላተመው፣ ከዚያም ሊረግጠው ተመለሰ። እኔ በአካፋ ጠርዝ ግንባሩን ስመታው ሰንጋው ተንበረከከ፤ ደግሜ መታሁት፤ ሌሎቹ ደርሰው በገመድ ጎትተው ወሰዱልኝ። ከኒላ ጭን የሚወጣው ደም በረዶውን እያቀለጠ እንፋሎት ያወጣ ነበር። ቀበቶዬን ፈትቼ ከቁስሉ በላይ አሰርኩትና በጉልበቴ ቁስሉ ላይ ተቀመጥኩ።

"አዲሱን ሱሪዬን..." አለኝ፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ።

"ዝም በል፣ አንተ ደደብ።"

"ራውና፣ እውነቴን ነው፤ ዛሬ ነው የለበስኩት።"

ሄሊኮፕተሩ በነፋሱ ምክንያት መነሣት አልቻለም። ስለዚህ ዮውኒና እንደ እሱው የነፍስ አድኑ በጎ ፈቃደኛ የሆነችው ሲርካ በቡድኑ ሞተር መጡ። አቀበቱን የወጡት ለስላሳውን በረዶ እየተንሳፈፉ ነው፤ ለዚህ ሰማያዊ ስኪዎችዎን ከልቤ አመሰግናለሁ። ኒላን ከኋላ በምትጎተተው የበሽተኛ ተጎታች ላይ አጋድመን በቀበቶ አሰርነው፤ ሲርካ አጠገቡ ተንበርክካ በሁለት እጇ ቁስሉን ያዘች። ዮውኒ የራስ ቁሩን እያጠለቀ ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ ከኋላዬ ሁኚ። ወንዙ ጋ ስንደርስ እንዳትቀድሚኝ።"

"ምነው?"

"ይቺ ነገር ግግር ላይ አትሰማኝም። ቀስ ብዬ ነው የማወርዳት፤ ብትቸኩዪ ትመጪብኛለሽ።"

እንዳለውም ቀስ አለ። ክቡር ሆይ፣ ይህንን እባክዎ በጥሞና ያንብቡልኝ፤ ምክንያቱም በኋላ ያስረሱት እሱን ነው። እኔ በራሴ የበረዶ ሞተር ከኋላው ነበርኩ። ስንወርድ የመንደራችን ሽማግሌ ውሻ እንኳ በሶምሶማ በቀደመን ነበር። ወንድሜ ደሙ እያለቀ፣ እኔ በውስጤ "ፍጠን፣ ፍጠን" እያልኩ፣ ዮውኒ ግን የእርስዎን ምክር ቃል በቃል ጠብቆ ቀስ አለ።

መንገዱ ከዳገቱ ሥር ወንዙ ላይ እንደወረደ ወደ ግራ ይታጠፋል። ቀጥ ብሎ ለሚሄድ ሰው ቋጥኞች አሉ፤ ከቋጥኞቹ ወዲያ ደግሞ ውሃው ስለሚጣደፍ መቼም የማይረጋ ጥቁር ወራጅ። የዚያን ዕለት ነፋሱ በረዶውን ጠርጎት ግግሩ ራቁቱን ነበር። ዮውኒ መሪውን ወደ ግራ አዞረ። ሁለቱም ሰማያዊ ስኪዎች እንደ ታዘዙት እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ሲዞሩ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ሞተሩ ግን ቀጥ ብሎ ሄደ። ስኪዎቹ ወደ ቤት መንገድ እያዩ፣ ሞተሩ ወደ ቋጥኙ ሄደ። ፍሬን ሲይዝ ሁለት ሰው የጫነው ተጎታች ከኋላ ገፋው።

የተሰማው ድምፅ የብረት ብቻ አልነበረም። ሞተሩ ቋጥኙን ሲመታ የመሪው ዘንግ በዮውኒ ደረት ገባ፤ ኋላውም ተነሥቶ በላዩ ላይ ወደቀ። ተጎታቹ ተበጥሶ ተገለበጠና እየተንከባለለ አለፋቸው። ሲርካ ግግሩ ላይ ተወርውራ ክንዷ ከክርኗ በታች ወደ ማይታጠፍበት ሲታጠፍ አየሁ። ኒላ እንደታሰረ ከነተጎታቹ የግግሩ ዳር ላይ ደርሶ፣ ዳሩ ተሰብሮ፣ በግንባሩ ወደ ጥቁሩ ውሃ ገባ።

እኔም በዚያው ግግር ላይ፣ በዚያው ኩርባ ዞሬ ቆምኩ። የእኔ ሞተር ምላጭ ነበረው።

ሲርካ በአንድ ክንዷ እየተሳበች ነበር። ባሏ ከሞተሩ ሥር ሆኖ ጥቂት እርምጃ ያህል ከእሷ ይርቃል፤ አፉ ይንቀሳቀሳል። አየችው። አይታው አለፈችውና በሽተኛው ወዳለበት ወደ ውሃው ተሳበች። ስልጠናው እንደዚያ ነው የሚያዘው፤ መጀመሪያ በሽተኛ። ያንን የሥልጠና ምስክር ወረቀት የፈረሙላት እርስዎ ነዎት፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

ገመድ ከሞተሬ ጋር አስሬ በደረቴ ተኝቼ ግግሩ ዳር ደረስኩ። የኒላ ፊት ውሃ ውስጥ ነው። ሲርካ በደህናው እጇ ፀጉሩን ይዛ ወደ ላይ ሳበችው፤ እኔ በቢላ ቀበቶዎቹን ቆረጥኩ፤ ስቸኩል ትከሻውንም ቆረጥኩት። ገመዱን ብብቱ ሥር አስሬ ወደ ሞተሬ ተመለስኩና ጎትቼ አወጣሁት፤ የግግሩ ስለት ጀርባውን እየላጠው ወጣ። አልጮኸም። አለመጮኹ ነው ያስፈራኝ። ሲርካ ፊቱን በጥፊ ትመታው ጀመር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ደጋግማ፣ እየሰደበችው፣ ውሃውን እስኪያስመልስ ድረስ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዮውኒ የሄድኩት። ሞተሩን ላነሣለት ስሞክር እጄን ያዘኝ።

"ኒላስ?"

"ወጥቷል። ሲርካ ይዛዋለች።"

"መሪውን አዙሬዋለሁ። አየሽ አይደል?"

"አይቻለሁ፣ ዮውኒ።"

"ሙሉ በሙሉ ነው ያዞርኩት።"

"አይቻለሁ አልኩህ እኮ።"

ከዚያ በኋላ አልተነፈሰም። ሲርካ የበሽተኛውን መተንፈስ አረጋግጣ ስትደርስ እጁ ገና ሙቅ ነበር።

እርስዎ የመጡት ከዚህ ጥቂት ቆይቶ ነው፤ በራስዎ ቀይ ሞተር። ከዳገቱ ሲወርዱ ቀና ብዬ አየሁዎት። ዮውኒ ከወረደበት በእጥፍ ፈጥነው ወረዱ፤ በዚያው ራቁት ግግር ላይ፣ በዚያው ኩርባ ላይ፣ አንድ እጅዎ የራስ ቁርዎን መስታወት እያነሣ፣ በሌላው እጅዎ ብቻ ዞሩ። አዟዟርዎ እጅግ ያምር ነበር። ከኋላዎ ግግሩ ላይ አራት ቀጭን ነጭ መስመሮች ቀሩ፤ በየስኪው ሥር ድርብ ምላጭ፣ አጠር አጠር ያለ። በመከር ወቅት እነዚያን ምላጮች የገጠመልዎ ማን እንደነበር መንደሩ ሁሉ ያውቃል። አሁን እግርዎ ሥር ተኝቶ ነበር።

ከሞተርዎ ወርደው የተናገሩት የመጀመሪያ ቃልም በጆሮዬ አለ፦ "በስንት ፍጥነት ነበር የሚነዳው?"

አራተኛ የሚለውን ቁጥር ለየትኛው እንደምሰጠው አላወቅሁም፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ ያለውን ያለ ቁጥር ይቀበሉኝ።

ለቀብሩ ከሆቴሉ ጋር በጋራ የላኩት የአበባ ጉንጉን ደርሶናል፤ ሰማያዊ ነበር። ኒላ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆርጦ ከሆስፒታል ወጥቷል። ያቋቋሙት አጣሪ ቡድንም ከሆቴሉ ሳይወጣ ፎቶግራፎችን ተመልክቶ ሥራውን በፍጥነት በመጨረሱ ላደንቀው እወዳለሁ። የተሰበረው ሞተር በሆቴሉ ጓሮ ሸራ ለብሶ ተቀምጦ ሳለ፣ ሸራውን ገልጦ ከሥሩ ምን እንዳለ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። እኔ በጠራራ ፀሐይ መጥቼ፣ የሆቴሉ ሠራተኞች እያዩኝ፣ የግራውን ስኪ ፈትቼ የወሰድኩት መንደሩ አንዴ እንኳ በእጁ ዳስሶ እንዲያየው ነው። ስርቆት ከሆነ እሱንም በክሱ ላይ ይጨምሩልኝ።

ስኪውን ይዤ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወደተጠራው ስብሰባ መጣሁ። ለመናገር እጄን ማውጣቴን የሚመሰክሩ ብዙ ናቸው። እርስዎ ግን በቅድሚያ የአጣሪውን ቡድን ውሳኔ ማንበብ ነበረብዎትና አነበቡ፦ "የአደጋው መንስኤ ሾፌሩ ፍጥነቱን ከመንገዱ ሁኔታ ጋር አለማጣጣሙ ነው።" ሲርካ ክንዷ በጀሶ እንደታሰረ ተነሣች።

"ተጎታቹ ላይ ነበርኩ" አለችዎ። "ከሰው እርምጃ ብዙም አንፈጥንም ነበር። መሪውን ሲያዞር አይቻለሁ። አልዞርም ያለው ስኪው ነው።"

እርስዎም መነጽርዎን አውልቀው፣ እንደ ቄስ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው መለሱላት።

"ወይዘሮ ካርፒነን፣ ሐዘንዎን እጋራለሁ። ነገር ግን ሐዘን ላይ ያለ ሰው ፍጥነትን በትክክል መገመት ይቸግረዋል። ባለቤትዎ ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ትንሽ ቸኮሉ፣ በቃ።"

ሲርካ ተቀመጠች።

ያደረግሁትን ሳልሸፋፍን እንድዘረዝር ስለታዘዝኩ እዘረዝራለሁ። ከሦስተኛው ረድፍ ተነሣሁ። አልሮጥኩም። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር "ራውና፣ ተይ" ሲሉኝ ሰምቻለሁ። መድረኩ ላይ ወጣሁ። ስኪውን በሁለት እጄ ከጭራው ይዤ፣ ከቀኝ ትከሻዬ በላይ አንሥቼ፣ ወደ ግራ አዞርኩት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ተመራበት አቅጣጫ ሄደ። የአፍንጫዎ አጥንት ሲሰበር የተሰማው ድምፅ እርጥብ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ነው። ወንበርዎ ወደ ኋላ ሲወድቅ ደግሜ አነሣሁት፤ ሁለተኛው ትከሻዎን አገኘው፤ ለሦስተኛው ስዘጋጅ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ከኋላዬ አንቀው ያዙኝ። እሳቸውን የነከስኩት እኔ ነኝ። ወንበር የወረወረባቸው ግን እኔ አይደለሁም፤ ማን እንደወረወረ ብጠየቅም አልናገርም፤ አንድ ደህና እጅ ብቻ ያለው ሰው እንደዚያ አርቆ መወርወር መቻሉ ግን አስገርሞኛል። ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ ማን ማንን በምን እንደመታ፣ ወለሉ ላይ ፊቴ ተደፍቶ ሁለት ሰዎች ጀርባዬ ላይ ተቀምጠው ስለነበር በደንብ አላየሁትም። ጠረጴዛ ሲሰበር ሰምቻለሁ። "ገዳይ" የሚል ቃልም ሰምቻለሁ፤ ለእኔ አልነበረም።

አሁን ወደ ይቅርታው ልምጣ። የትምህርት ቤቱን ፅዳት ሠራተኛ፣ ወይዘሮ ኤይላን፣ ደሙን ከወለሉ ለማስለቀቅ ስለደከሙ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ርእሰ መምህሩን ስላልሰማኋቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ። በማግስቱ ያንን አዳራሽ ለስፖርት ፈልገው የተከለከሉ ልጆችን፣ ብዙዎቹን ዮውኒ በአውቶቡሱ ያመላልሳቸው የነበሩ ልጆችን፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሲርካንም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ያንን ስኪ ማንሣት በመብት የእሷ ተራ ነበር፤ ነጠቅኳት።

እርስዎን ይቅርታ መጠየቄን በተመለከተ ግን ብዙ አሰብኩበት። ማታ ማታ የኒላን ጉቶ ቅባት ስቀባለት፣ እሱም የሌለው እግሩ ጣት እንደሚበላው ሲነግረኝ፣ "ጻፊና ይለፍ፤ እስር ቤት ብትገቢ አጋዘኖቹን ማን ይጠብቃል?" ይለኛል። ልክ ነው። ፈርቻለሁም። እስር ቤት አላውቅም፤ በሩን ከውጭ የሚቆልፉብኝ ቤት ውስጥ አንድም ቀን አድሬ አላውቅም። ስለዚህ ብዕር አንሥቼ "ይቅርታ" የሚለውን ቃል ጽፌ ነበር። ከሥሩ ስምዎን ልጽፍ ስል ሲርካ በሩን ከፍታ ገባች፤ አነበበችውና ተቀመጠች። "ልፈርመው?" አልኳት። "እንደፈለግሽ፤ ልጆቼ ጋዜጣ ማንበብ ይችላሉ" አለችኝ።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ አልፈርመውም። ክሱን አይተዉት። እባክዎ አይተዉት። ፍርድ ቤት ሰው ከመናገሩ በፊት ይምላል፤ ሲርካ ትምላለች፣ ኒላ በክራንች ቆሞ ይምላል፣ እኔም መምታቴን ምዬ አምናለሁ፤ ከዚያ ተራው የእርስዎ ይሆናል። ጠበቃዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያላት፤ ስለ ቀይ ሞተርዎ ምላጮች ነው፤ እርስዎ በሳምንት ሁለቴ ስለሚስሏቸው መልሱ አይጠፋዎትም።

ለከፈሉልን መሥዋዕትነት ሁሉ፣ በተለይም ሌሎች በከፈሉልዎት፣ ያለኝን አክብሮት እየገለጽኩ፣ ዕድሜና ቀና አፍንጫ ተመኝቼ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ራውና ሃልቫሪ
አጋዘን አርቢ፣ ተከሳሽ
ሳርቪኮስኪ

ሳልነግርዎ እንዳልቀር፦ ፖሊሱ ስኪውን የወንጀል መሣሪያ ብሎ ይዞታል። ከፊቴ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ርዝመቱን ለካ፣ ስፋቱን ለካ፣ ገለበጠው፣ በጣቱ ዳሰሰው፣ ፎቶ አነሣው፤ ከዚያም ጮክ ብሎ እያነበበ ጻፈ፦ "ከሥሩ ፍጹም ልሙጥ፤ ምንም ዓይነት ምላጭ አልተገጠመለትም።" ዮውኒን ሲገድለው ማንም ያልገለበጠውን ስኪ ሕግ የገለበጠው አፍንጫዎን ሲነካው ነው። ስለ ትብብርዎ አመሰግናለሁ።